አርባ ሰባተኛው አስተያየት

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። እኩዮቹ «ቆይ እስኪ» ይሉታል፤ በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ ለአክብሮት ያህል «ጋሼ ቆይ»። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ኮድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መስመር በመስመር የሚያነብ ገምጋሚ ነው፤ አንብቦ የሚጽፈው አስተያየት ሁሉ ደግሞ «ቆይ እስኪ» ብሎ ይጀምራል።

የማረም አባዜው ቢሮ አይቀርም፣ ቤትም ይከተለዋል። ልጁ ለትምህርት ቤት የጻፈችውን የፈቃድ ማመልከቻ አርሞ አርሞ ከአንድ ገጽ ወደ ሦስት ገጽ አሳድጎታል፤ ፈቃድ የጠየቀችበት ቀን ያለፈው እሱ ሁለተኛውን ገጽ ሲያስተካክል ነው። የሕንፃው አስተዳዳሪ አሳንሰሩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ አይቶ ማለፍ አቅቶት አራት ነጥብ ጨምሮበታል። አማቱ ግን ሥራው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባቸውም። አንድ ጊዜ «የምሠራው ድራይቨር ነው» ሲል ሰምተው፣ ሾፌር ነው ብለው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። የሚገርማቸው አንድም ቀን መኪና ይዞ አለመምጣቱ ብቻ ነው።

እሱ የሚለው ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከውስጥ ዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባ ኮድ ነው። በዚያ ሰሞን እጁ የገባው የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን፣ ፍጥነት የሚቆጣጠር ነበር፤ ሥራ ሲበዛ ያፈጥነዋል፣ ሥራ ሲቀል ባትሪ እንዲቆጥብ ቀስ ያሰኘዋል። ኮዱ የሚጫንበት ዕቃ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች ከአልጋ ወደ አልጋ ይዘውት የሚዞሩት አነስተኛ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ባትሪው ከአራት ሰዓት በላይ አልቆይ ብሎ አስቸግሯል። ኮዱን የጻፈችው መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ መሐንዲስ ናት። ከመናገር መጻፍ ስለሚቀናት «ዝምታ» ይሏታል። አራት ወር ለፍታበታለች።

ቆይ እስኪ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሠላሳ አንድ አስተያየት ጻፈባት። «ቆይ እስኪ፣ እዚህ ጋ ባዶ መስመር ምን ይሠራል?» «ቆይ እስኪ፣ ይኼ ስም ከላይ በአንድ ዓይነት፣ ከታች በሌላ ዓይነት ተጽፏል።» አሥራ ዘጠኙ ስለ ክፍት ቦታ ብቻ ነበሩ። ዝምታ አንድ በአንድ አስተካክላ ላከች። እሱ ደግሞ ሌላ አገኘ። እንዲህ እያሉ አምስት ጊዜ ተመላለሱ። አርባ ሰባተኛውና የመጨረሻው አስተያየት ፍጥነት ስለሚጨምረውና ፍጥነት ስለሚቀንሰው የኮድ ክፍል ነበር፤ ሁለቱ ቁርጥ መንትያ መስለውታል። «ቆይ እስኪ፣ እነዚህ እኮ መንትዮች ናቸው። ለምን ሁለት ቤት ታከራያቸዋለሽ? አንድ አድርጊያቸው» ብሎ ጻፈና በቀልዱ ለብቻው ሳቀ። ዝምታ አንድ አደረገቻቸው። እሱም «ጥሩ ነው» ብሎ አሳለፈው። ከእሱ «ጥሩ ነው» ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ እንኳን ደስ አለሽ ያሏት ሰዎችም ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት የሙከራ ክፍሉ ፈታኝ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ደርድሮ አስነሣ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አምስቱ ደርቀው ቀሩ፤ ስክሪናቸው በርቷል፣ ቢነኳቸው ግን መልስ የለም። ሰባቱ ምንም አልሆኑም። ቆይ እስኪ ወዲያው ወረደና ገመዱን ጠረጠረ። ገመዱ ተቀየረ። ባትሪውን ጠረጠረ። ባትሪውም ተቀየረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ኮዱን አርባ ሰባት ጊዜ አርሜዋለሁና ጥፋቱ ከሌላ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቀጥሎ የክፍሉን ሙቀት ጠርጥሮ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ፈታኙም ሁለት ቀን ሙሉ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፈታኙ፣ ኮምፒውተሮቹ የሚደርቁት ሥራ ፈትተው ቆይተው ድንገት ሥራ ሲሰጣቸው መሆኑን ነገረው።

«ሲፈጥኑ ማለትህ ነው?»

«ሲፈጥኑ። ቀስ ሲሉ አንድም ቀን አልደረቁም።»

ቆይ እስኪ ወደ ወንበሩ ተመልሶ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከፈተ። ፕሮሰሰር ከመፍጠኑ በፊት ቮልቴጁ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጉልበቱ፣ ከፍ ሊልለት ይገባል። ሲቀንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍጥነቱ ይቀድማል፣ ቮልቴጁ ይከተላል። ዝምታ ሁለት ክፍል አድርጋ የጻፈችው ለዚህ ነበር። መስመሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ተራቸው ግን የተለያየ ነው። አንድ ሲሆኑ የተረፈው የመቀነሻው ተራ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ጉልበቱ ሳይደርስለት ሩጥ ይባላል፤ ጠንካራው ይችለዋል፣ ደካማው ባለበት ይቀራል። አንድ አድርጊያቸው ያለው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ነው። ከነቀልዱ እዚያው ተጽፎ አለ።

የቡድኑ ኃላፊ ለማግስቱ ስብሰባ ጠርታ ነበር፤ ኮዱ ላይ ያለው ስም የዝምታ ስለሆነ የምታብራራውም እሷ ናት። አርባ ሰባት አስተያየት ተመልሶ የሚያነብ ሰው ደግሞ የለም። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከሥራ እንደተመለሰ ሚስቱ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ካልሲ እያጣመደ፣ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ ስለ ቮልቴጅ አልጠየቀችውም።

«ስንት ነው ያረምክባት?»

«አርባ ሰባት።»

«አርባ ስምንተኛውን ለራስህ ጻፈዋ» አለችና እሱ ያጣመደውን ካልሲ ፈትታ እንደገና አጣመደች። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ሰማያዊ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊዋ ወደ ዝምታ ከመዞሯ በፊት ቆይ እስኪ ከወንበሩ ተነሣ። ተነሥቶ መናገር የተለመደ ስላልሆነ ሰዉ ስብሰባውን ጥሎ የሚሄድ መሰለው። የዝምታ የመጀመሪያ ጽሑፍ ትክክል እንደነበር፣ አሳጥራለሁ ብሎ ያበላሸው እሱ መሆኑን፣ ገመዱም መስኮቱም ምንም እንዳላጠፉ ዘርዝሮ ተናገረ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን ብዬ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ኃላፊዋ አመስግና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። እሱ ሌሊቱን የፈራው ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የከነከነው ግን ሌላ ነበር። ዝምታን ኮሪደሩ ላይ ውኃ ስትቀዳ አገኛት።

«ሁለት ያደረግሽበትን ምክንያት ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

ዝምታ ብርጭቆዋን ሞላች፤ ትንሽም ተጎነጨች።

«በመጀመሪያው ዙር ቢሆን እከራከርህ ነበር፣ ጋሼ። በአምስተኛው ግን ደክሞኝ ነበር። ዓይኔም ባዶ መስመር እንጂ ሌላ ነገር ማየት ትቶ ነበር። ጥሩ ነው እንድትለኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

ከስብሰባው ይልቅ ይህቺ መልስ ውስጡ ዘልቃ ገባች። አርባ ሰባቱን ለሥራው ከማሰብ የመጡ ትጋቶች አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር እንጂ፣ ሰው አድክመው አፍ የሚያስይዙ መሆናቸው አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም። ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ግዴለም አለችው፤ የምሯን ነበር።

ሁለቱ ክፍሎች እንደገና ተለያዩ፤ ለምን እንደተለያዩም በአንድ መስመር ተጻፈባቸው። ኮዱ ሲደርሰው ቆይ እስኪ አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ አየ። እጁ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ተነሥቶ እስከ ደረጃው ድረስ ተንሸራሽሮ ተመለሰና «ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሳምንት ሙሉ ሳይደርቁ ሠሩ፤ ባትሪያቸው ሰባት ሰዓት አለፈ። ኮዱ ሆስፒታል ሲደርስ ነርሶቹም ስለ ነገሩ ምንም ሳይሰሙ ቻርጀር ፍለጋ መሯሯጡን ተዉ።

ከዚያ ወዲህ ቆይ እስኪ አስተያየት ከመጻፉ በፊት ወንበሩን ጎትቶ ከጸሐፊው አጠገብ ይቀመጣል፤ «ለምን እንዲህ አደረግከው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ችግሩ፣ ማዳመጥም እንደ ማረሙ አያልቅለትም። ባለፈው ሳምንት የስክሪኑን ኮድ ከሚጽፈው ልጅ ጋር ስለ አሥራ አንድ መስመር ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጧል። ልጁም ወደ ዝምታ ሄዶ፣ እባክሽ ወደ መጻፉ እንዲመለስ ምከሪልኝ ሲል ለምኗታል። በዚያ ጠዋት ግን ሁለት እውነተኛ ስህተት መገኘቱን አልካደም።