ከአራተኛ ክፍል እኩል

ልጄን ከትምህርት ቤት ያስቀራት የሚጥል በሽታ ነው። አንደኛ ክፍል ገብታ ወር ሳትሞላ ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ልጆቹ እየተንጫጩ በሩን ጥሰው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ርእሰ መምህሩ «እስኪሻላት ቤት ትሁን» አለኝ። አፌ አያርፍምና «እናንተንስ መቼ ነው የሚሻላችሁ?» ብዬው እጇን ይዤ ወጣሁ። ያ ቤት መዋል ሦስት ዓመት ፈጀ።

እኔ እንጅባራ ገበያ ገብስና ድንች ሻጭ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት። «ታዲያ ለገዛ ልጄ አንሳለሁ እንዴ፣ ራሴ አስተምራታለሁ» አልኩ። ከገበያ ስመለስ መጽሐፉን ገልጬ መስመር በመስመር አነብላታለሁ፣ እሷ እየተከተለች ትላለች። ጽሕፈቷማ እንከን አይወጣለትም።

ግን ቤት የተቀመጠ ልጅ ከክፍሉ ልክ መድረሱ በምን ይታወቃል? እኔ መለኪያ ያደረግኩት የጎረቤቴን ልጅ ነበር። የልጄ እኩያና ጓደኛ ናት፣ ከክፍሏም አንደኛ ነው የምትወጣው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀርከሃው አጥር በኩል እጠራትና ደብተሯን እቀበላታለሁ፤ የጻፈችውን የኔዋ ትገለብጣለች። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ አንድ ናቸው፣ እንዲያውም የኔዋ ታምራለች። አንዳንዴ ያላነበብኩላትን ገጽ ስገልጥላት ዝም ስትል ልቤ ይጠራጠር ነበር። «ክኒኑ አድክሟት ነው» እላለሁ። አንደኛ ከምትወጣ ልጅ እኩል ከሆነች ሌላ ምን ልፈልግ?

ፀበሉንም ከዳንግላ የሚመጣውንም ክኒን ሳናቋርጥ ቆይተን መውደቁ ተዋት። ትምህርት ቤቱን ጠየቅሁ። «ትመለስ፣ ግን ተፈትና በአቅሟ ትመደባለች» ተባልኩ። ልጄ ያን ጊዜ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። «እማዬ፣ ከሕፃናት ጋር ካስቀመጡኝ አልሄድም» አለችኝ። ግትርነቷን ከኔ ነው የወሰደችው፤ አልሄድም ካለች አትሄድም። ወይ ከጓደኛዋ ጋር አራተኛ ክፍል ትገባለች፣ ወይ እንደ ወጣች ትቀራለች። «እመቤቴ፣ ከእኩዮቿ እኩል ናት ብቻ አሰኚልኝ» ብዬ ጧፍ ተሳልኩ።

የፈተነቻት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ ገና ወጣት። ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ክፍሉ ባዶ ነበር። ልጄ እንድትረጋጋ መጀመሪያ በአገውኛ አጫወተቻት። ከዚያ ወረቀት ሰጥታ በአማርኛ «የምልሽን ጻፊ፤ ትናንት ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» አለቻት።

ልጄ እስክሪብቶዋን አስተካክላ ይዛ ሰሌዳውን አየች። ምንም አልተጻፈበትም። ዞራ ግድግዳውን አየች። ከዚያ በትሕትና «ከየት ላይ ነው የምገለብጠው ቲቸር?» አለች።

አስተማሪዋ ቃል በቃል እያዘገመች ደገመችላት። ልጄ አንድ ፊደል ጽፋ ቆመች። «እንግዲህ እትዬ፣ ይችን ልጅ...» ስትለኝ ቱግ አልኩ። «የአንቺ አንደኛ የምትጽፈውን ነው የኔም የምትጽፈው! ጥሪያትና አስተያዪ!» በንዴት አንቺ ብያታለሁ።

«ይተዉት እትዬ፣ ይቅርብዎ» አለች። የናቀችኝ መሰለኝ። በሩ ላይ ወጥቼ የጎረቤቴን ልጅ ራሴ ጠራኋት፤ «አቤት እትዬ» ብላ እየሮጠች መጣች። አስተማሪዋ ወረቀት ሰጥታ ያችኑ ቃል አለቻት። አንደኛ የምትወጣው ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና አለችና ባዶውን ሰሌዳ እያየች ትጠብቅ ጀመር። ሲቆይባት ደግሞ ወደ ልጄ ወረቀት አጮለቀች።

«ታዲያ በምንድን ነው አንደኛ የምትወጣው?» አልኩ።

«ፈተናው ምርጫ ነው እትዬ፤ ደብተሯም ንጹሕ ነው» አለች አስተማሪዋ አንገቷን ደፍታ። «ከሌሎቹ እሷ ትሻላለች። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ የማንን እጅ ይዤ ላስጽፍ? ፊደል ሳይለዩ አራተኛ ደረሱብኝ።» ከዚያ ልጄን አየቻትና «አራተኛ ትግባ። እኩል ናቸው» አለች።

ሁለቱ ልጆች ተቃቀፉ። እኔ ዴስኩን ተደግፌ ቀረሁ።

ገበያ ላይ መስፈሪያ ጣሳው የተጨረማመተ ሻጭ ሳይ አፌን እከፍትበታለሁ። ልጄን ስሰፍር ግን ጣሳውን አላየሁም። ወደ ኋላ የቀረችው የኔዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለሚያውቁት እሰጣት ነበር። አሁን ለማን ልስጣት? ቤት አይሆን፣ ትምህርት ቤት አይሆን። ያን ቀን የቆረጥኩት ተስፋ እስከ ዛሬ አልተቀጠለም።

ስንመለስ ልጄ ጭቃውን እየዘለለች ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። መሃል ላይ ቆም ብላ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ እኩል ነኝ አይደል?»

«እኩል ነሽ» አልኳት።

በማግስቱ ጧፉን ወስጄ አስገባሁ፤ ስለት አይቀርም።