በልብስ ማጠቢያ ክፍል የተሰየመው ችሎት

ባለፈው ሳምንት ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ላይ ባቡር ስጠብቅ፣ ከአንድ አሮጌ አፓርታማ ጎን ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣና ፊቴን ሸፈነው። የልብስ ማድረቂያ እንፋሎት ነው፤ ሳሙና ሳሙና፣ የሞቀ ፎጣ ፎጣ ይሸታል። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፤ ሰው ሁሉ ወደ መጠለያው ሲሮጥ እኔ እዚያው ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ባቡሩም አመለጠኝ። ያምልጠኝ! ያ ሽታ የት እንደወሰደኝ ልንገራችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ አፓርታማ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ የእናቴ አባትና እኔ። ያኔ ድምፅ አልነበረኝም። ማለቴ፣ ነበረኝ፤ ግን ከአፌ ወጥቶ አገጬ ላይ ነበር የሚቀረው። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ማለቴን መምህራችን ሰምታው አታውቅም፤ ቀና ብላ ታየኝና ምልክት ታደርጋለች። የአያቴ ጆሮ ደግሞ መድከም ጀምሯል። እኔ በእንግሊዝኛ ሹክ እላለሁ፣ እሱ በአማርኛ «እ?» ይላል። የሁለታችን ጨዋታ በአብዛኛው ይኸው ነበር።

አንድ ጊዜ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ መምህራችን ክፍሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረገችው። የአገሪቱን ሕገ መንግሥት የተረጎሙ ታላላቅ ጉዳዮችን አከፋፈለችን። ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለየትን የሻረው ለአንዱ ደረሰ፤ ጠበቃ ማቆም ላቃተው ተከሳሽ መንግሥት ያቁምለት ያለው ለሌላው። ለእኔ የጥቁሩ ጨርቅ ጉዳይ ደረሰኝ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች ለሞቱት ማዘናቸውን ለማሳየት ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ። «አውልቁ» ተባሉ፤ እምቢ ሲሉ ተባረሩ። ነገሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደረሰ።

እኔ የተማሪዎቹ ጠበቃ ነኝ። ዘጠኝ የክፍላችን ልጆች ዳኞች ናቸው። ወላጅም ተጋብዟል። «ድምፅሽ የማይሰማ ከሆነ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ አትጨነቂ» አለችኝ መምህሯ፣ ለደግነት ብላ። እኔ ግን ጉዳዩን ወድጄዋለሁ! ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ለአገር ተናገሩ እኮ። እንደኔ ላለች ልጅ ከዚህ ወዲያ ጀግና ከየት ይመጣል? ለሌላ ሰው እንዲሰጥብኝ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከአዳር ሥራ ገብታ «ልተኛበት፣ ውጡልኝ» ስትል፣ አያቴና እኔ ቅርጫቱን ይዘን ምድር ቤት ወዳለው ማጠቢያ ክፍል ወረድን። ማድረቂያዎቹ ያጓራሉ፤ የአንዱ ሱሪ ቁልፍ ብረቱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የበረዶ ብርሃን ይገባል።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት። «እ?» ደገምኩት። «እ?» በመጨረሻ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል ሲጠፋኝ በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት።

አያቴ ከቅርጫቱ ፎጣ አንሥቶ እንደ ኩታ ትከሻው ላይ ጣለ። «እንግዲያው በላ ልበልሃ እንግጠም!»

የድሮ ሙግት ነው፤ እሱም ከአባቱ ሲሰማ ነው ያደገው። ሁለት ባላጋራዎች መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ያስቆሙና ዳኛ ያደርጉታል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዚያ እየተንጎራደዱ፣ ጣት እየቀሰሩ፣ ኩታ እየወረወሩ ይሟገታሉ።

«እኔ ትምህርት ቤቱ ነኝ» አለ።

«ዳኛስ?»

«ይመጣል።»

መጣም። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የወለጋ ልጅ፣ ሹፌሩ፣ ቅርጫቱን ታቅፎ በሩን በእግሩ ገፋ አደረገ። አያቴ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ እንደሆነ ደርቆ ቀረ፤ ካልሲ እየወደቀበት። አገር ቤት ይህን የሰማ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሴንት ፖል ምድር ቤት ውስጥም ሠራ!

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ዳኛ ሁነን።»

«መኪናዬን አስነሥቼ ነው የመጣሁት እኮ!»

«መኪናህ ይሙቅ። አንተ ተቀመጥ።»

ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ፊቱ ኮስተር አለ፤ እውነትም ዳኛ መሰለ።

«ተማሪ የሚላከው ሊማር ነው!» ብሎ ጀመረ አያቴ፣ ፎጣውን እያወናጨፈ። «ዛሬ ጨርቅ ያስራል፣ ነገ አስተማሪውን ከወንበሩ ያስነሣል! ይቺስ ምነው ዝም አለች? ነገር የላትማ!»

«አለኝ» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«አለኝ!»

«ማሽኑ ነው የሚያወራው ወይስ እሷ?» አለ ዳኛው። ይኸው፣ አበሩብኝ!

ያኔ ከሆዴ የሆነ ነገር ፈንቅሎ ወጣ። «ማንን ነኩ? ክፍል ረበሹ? መምህር አቋረጡ? ጨርቅ አይጮህም! የምትጮኸው አንተ ነህ!»

ማድረቂያው ሰዓቱ አልቆ ኖሮ በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ። ድምፄ ግድግዳው ላይ ሲነጥር በጆሮዬ ሰማሁት። የእኔ ድምፅ!

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለልጅቷ ፈርጃለሁ። አባባ፣ ተረትተዋል። አሁን ልሂድ?»

አያቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። ሰው እንደዚያ ደስ ብሎት ሲሸነፍ አይቼ አላውቅም።

የችሎቱ ቀን አያቴ ክራባት አስሮ ከኋላ ተቀመጠ። ዳኞቹ ከመዘምራን ክፍል የተዋሱትን ጥቁር ካባ ለብሰዋል። ተነሣሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ወጡልኝ። ወዲያው የትምህርት ቤቱ ጠበቃ የሆነው ልጅ እየደጋገመ ያቋርጠኝ ጀመር። ድምፄ እንደገና አገጬ ላይ ቀረ። መምህሯ «በቃ፣ ይሁን» ልትለኝ እጇን ስታነሣ አየኋት።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። በአማርኛ! ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ልጁ ትርጉሙን ከየት ያውቀዋል? ግን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ ደግሞ አያቴ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ የሰማው ያቺን ቃል ብቻ ነበር፤ የሕግ አምላክ ከተጠራ ደግሞ ይቆማል።

እኔም እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ዳኞቻችንም እንደ እውነተኞቹ ለተማሪዎቹ ፈረዱ፦ ልጅ ትምህርቱን እስካላወከ ድረስ፣ የመናገር መብቱን ከትምህርት ቤት በር ውጭ ጥሎ አይገባም። ዛሬ የማምንበትን ነገር ቦርሳዬ ላይ ለጥፌ ትምህርት ቤት ስገባ ማንም «አውልቂ» የማይለኝ በእነዚያ ልጆች ነው።

አሁን ፍሪድሊ የምትባል ሌላ ከተማ ነው የምንኖረው። ማጠቢያው የራሳችን ስለሆነ ዳኛ የሚሆን ሰው አያልፍበትም። የአያቴ ጆሮ ደግሞ ጨርሶ ሄደ። እኔ መጮህ ስችል እሱ መስማት አቆመ፤ በዚህ ብዙ አልቅሻለሁ። ከዚያ ፊደል ቁጠሪ ብሎ ራሱ አስቀመጠኝ። አሁን እሱ በአፉ ያወራል፣ እኔ በወረቀት እመልሳለሁ፤ በአማርኛ፣ ያውም ሳልፈራ።

ባቡሩ ያመለጠኝ ዕለት ቤት እንደገባሁ ይህንን ሁሉ በወፍራም ማርከር፣ በትልልቁ ጻፍኩለት። መነጽሩን አድርጎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሹፌሩ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ሲጨርስ ወረቀቱን ከፊቱ ራቅ አደረገና አየኝ።

«ትንንሽ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ» አለኝ። «አጠገብሽ ነኝ፤ ምን ያስጮኸሻል?»