የመምህር እንዳላማው ሰማያዊ ኮከብ

እንዳላማው ሮብ ገበያ ከተማ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። እኔ ከጎኑ ባለው ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ስለሚመጣ፣ ሳልወድ በግዴ የኮከብ ተማሪ ሆኛለሁ።

የሚወደው ኮከብ ራይጅል ይባላል። ጥር ላይ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። «ቀይ ኮከብና ሰማያዊ ኮከብ፣ የቱ ይበልጥ ይግላል?» ብሎ ይጠይቃል። ክፍሉ በሙሉ «ቀዩ!» ብሎ ይጮኻል። እሱ ይህችን ስህተት በየዓመቱ እንደ በዓል ነው የሚጠብቃት። «ቀጥቃጩ ብረት ሲያግል አላያችሁም? መጀመሪያ ይቀላል፤ ሲብስበት ይነጣል። ከዚያም አልፎ የጋለ ነገር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል» ይላል። ራይጅል ላዩ ከፀሐይ እጥፍ ይግላል፤ በስፋትም በብርሃንም ፀሐይ አጠገቡ አትደርስም። ታዲያ ያለውን ሁሉ ባንዴ ስለሚያነድ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ገና በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሲቀራት፣ እሱ በጥቂት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ጨርሶ ይፈነዳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው በኮከብ ምክንያት ላጤ ሆኖ የቀረው። ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

በወጣትነቱ ከዘመናይ ጋር ተፈቃቅደው ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ ወይዘሮ ሽታዬ እንደ አገሩ ልማድ ኮከብ አስቆጠሩ። ደብተራው የሁለቱን ስም ከየእናቶቻቸው ስም ጋር ደምረው «እሱ እሳት ነው፣ እሷ ውሃ ናት፤ አይገጥሙም» አሉ። እንዳላማው እናቱን ላለማስቀየም ብሎ ዝም አለ። ዘመናይ ጠብቃ ጠብቃ ሲታክታት ደምበጫ ገባች፤ እዚያው ተድራ ወልዳለች።

ዘንድሮ የወንድሙ ልጅ ወንጌላዊት ልታገባ ስትል፣ ወይዘሮ ሽታዬ ዳግም ደብተራ ላስጠራ አሉ። ልጅቱ እያለቀሰች አጎቷ ዘንድ መጣች። እሱም እኔንና እሷን አስከትሎ እናቱ ቤት ሄደ። ብቻውን ከሄደ ያው ዝም ብሎ እንደሚመለስ ያውቃል መሰለኝ።

«እማዬ፣ ውሃ የሚባል ኮከብ የለም» አለ ገና እንደተቀመጠ። «ሁሉም የጋለ ጋዝ ነው። ያ ሰማያዊው ኮከብ ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የኛን ስም ከየት ያውቀዋል? ልጅቷን ተያት፣ ታግባ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ቁጡ ናቸው፤ እርግማን ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና «ይሁን፣ ደብተራው ይቅር» አሉ። ወንጌላዊት ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም እፎይ አልኩ።

«ይህን ያኔም ታውቀው ነበር?» አሉት ቆይተው።

«አውቀው ነበር።»

«እኔ እኮ ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው ያስቆጠርኩት። ዘመናይን እወዳት ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር እተወው ነበር፣ ልጄ። ዝም ስትል ጊዜ፣ አንተው ያልፈለግካት መስሎኝ።»

ወንጌላዊት ልታመሰግነው፣ ጉንጩን ልትስመው ጎንበስ ስትል፣ እንዳላማው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።