ከሰባት እርምጃ ወደ አሥራ ስምንት

የወንድሜ አርባ ካለፈ በኋላ የአየር ጠመንጃውን ይዤ ወጣሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ሥራችን ይሄው ነበር። ካዛንቺስ፣ አንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ቆርኪ እንደረድራለን። አላፊ አግዳሚው ይተኩሳል፣ የመታ ማስቲካ ይወስዳል።

ጠመንጃውን የሚያስተካክለው ወንድሜ ነበር። ጋሽዬ ነበር የምለው። ከተኳሹ እስከ ግድግዳው ሰባት እርምጃ ነው። የኋላውን ማነጣጠሪያ ለሰባት እርምጃ አስተካክሎ፣ ብሎኗ እንዳትላላ ከፀጉር ቤት በለመነው ቀይ የጥፍር ቀለም አሸጋት። ሌሎች አስተኳሾች ሰው እንዲስት ሆን ብለው ማነጣጠሪያውን ያጣምማሉ። እሱ ግን «መሳት የፈለገ ራሱ ይሳት፣ እኔ አላግዘውም» ይል ነበር።

ካዛንቺስ ፈረሰና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። እሱ እዚያ ብዙ አልቆየም። ኩላሊቱ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ከመኪና ማቆሚያው ወዲህ እንድቆም አዘዘኝ። ቆርኪ እስከምደረድርበት ግንብ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው። የጠመንጃው ሞላ ደክሟል፤ ጥይቷ እዚያ ስትደርስ ከቆርኪው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ትመታለች። ብሎኗን ማዞር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስትዞር ቀለሙ ይሰበራል። ማለቴ፣ እሱ እንደተዋት የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ «ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አልሙ» እላለሁ።

«ይሄ ጠመንጃ ቅሞ ነው እንዴ የመጣው?» ይላል አንዱ።

«ኧረ አረቄ ነው፣ አይታይህም ሲንገዳገድ?» ይላል ጓደኛው።

እስቃለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ጠመንጃውን እወለውላለሁ፣ ቀለሙን ሳልነካ። እንደገና ቁጭ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ የካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ መጡ። ሦስት ተኮሱ፣ ሦስቱም ከቆርኪው በታች።

«ልጄ፣ አንተም እንደነዚያ ማጣመም ጀመርክ?»

«አልነካሁትም አባባ። እሱ እንዳስተካከለው ነው።»

«እንግዲያ ያጣመመው እሱ ነው በለኛ!»

የዚያን ቀን ቶሎ ሰብስቤ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ካቻቢቴ ይዤ ወረድኩ። ብሎኗ ላይ ሁለቴ አስገብቼ ሁለቴ አወጣሁት። ከዚያ አዞርኩት፣ ቀለሙም ተሰነጠቀ። ሦስት ተኮስኩ። ጭራሽ ዝቅ አለ! ያዞርኩት በተቃራኒው ነው። ጋሽዬ ያስተማረኝ ያኔ ትዝ አለኝ፦ ጥይቷ እንድትሄድ ወደምትፈልግበት የኋላውን ማነጣጠሪያ ውሰድ፣ ሦስት ሳትተኩስ ደግሞ ብሎን አትንካ። ከፍ አደረግኩት። ሦስት ተኮስኩ። ትንሽ ከፍ፣ ሦስት። ቆርኪው ጮኸ።

እሱ ካስተካከለበት ሁለት ዙር ተኩል ርቄያለሁ። ልመልሰው ብፈልግ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ግን መልሼ የት ልሞክረው? ቅያሱ አሁን መኪና የሚያልፍበት አስፋልት ነው።

ከሰዓት ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠራኋቸው። በመጀመሪያው መቱ፣ በሁለተኛውም።

«ይኸው! እሱ እያለ እንዲህ ነበር» አሉ። ማስቲካውን ስሰጣቸው «በየትኛው ጥርሴ?» ብለው መለሱልኝ።

ብሎኗ ላይ አዲስ ቀለም አልቀባሁም። ጥበቃው ነገ ሌላ ቦታ ቁም ሊለኝ ይችላል። የትም ስሄድ፣ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር፣ እርምጃ እቆጥራለሁ።