የወርቅ ማጠቢያው ገበታ

በማለዳ ሮም ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ከቶር ፒኛታራ እየተነሳሁ የማጸዳው ሙዚየም ውስጥ፣ ሮማውያን በጥንት ግዛታቸው በዳኪያ፣ በዛሬዋ ሩማንያ፣ ወርቅ እንዴት ያወጡ እንደነበር የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። መስታወቱን እየወለወልኩ ቀና ብል፣ ወይ ጉድ! የአባቴ የወርቅ ማጠቢያ ገበታ! ያው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ያው መሀሉ ጎድጎድ ያለ። ጨርቄን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

ያደግሁት ሻኪሶ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ለእኔም በልኬ ገበታ ጠርበውልኝ ነበር። የእንጨት ገበታ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ ከሥራ መልስ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ወደ ወንዙ አይመለስም የተባለ ሰው ግን ገበታው ከውሃ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሰፈራችን ልማድ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር። ያለ እሱ አገሬ ደርሼ መመለስ የማልችለው የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አለፉ፤ አባቴ ደግሞ ታመው አልጋ ያዙ። ስደውል "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ይሉና ስልኩን ለእህቴ ይመልሱላታል። ተስፋ ቆርጠውብኝ ገበታዬን ሰቅለውት ይሆን? እንዳልጠይቅ መልሱን ፈራሁ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ የዚያን ቀን ሥራዬን ስጨርስ እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሜ በቪዲዮ ደወልኩ። እህቴ ስልኩን ያዘችላቸው።

"አባባ፣ ይህን ይዩልኝ! የጥንት ሮማውያን ገበታ ነው።"

ዓይናቸውን አጥበብ አድርገው አዩት። ከዚያ ተቆጡ! ልክ እንደ ድሮው፣ ወንዝ ዳር እንደሚቆጡኝ።

"እንዴ! ሰው የለም እዚያ? ተሰነጣጥቆ አለቀ እኮ! ምናለ ውሃ ብትነክሩት?"

"ኧረ አባባ፣ ባለቤቶቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!"

"ቢሆንስ?"

ሳቄ መጣ። ቁጣቸው እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል! ሳቁ ድፍረት ሰጠኝና "የኔስ ገበታ?" አልኳቸው።

ወደ አልጋቸው ሥር ተመለከቱ።

"ውሃውን ማን የሚቀይርልህ መሰለህ?" አሉ። "መነሳት ቢያቅተኝ እዚሁ አጠገቤ አስመጣሁት።"

እህቴ ስልኩን ዞር አደረገችው። ከአልጋቸው ሥር፣ እጃቸው በሚደርስበት፣ ሳፋ ሙሉ ውሃ ነበር፤ ገበታዬ ውስጡ ተኝቷል። የልጅነት ልኬ ስለሆነ በጣም ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

የእሳቸው ግን ከራስጌያቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።