ፍሬን የሠራ ሰው የሚቆምበት ቦታ

ፒክአፑን የላከልኝ ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ከሥሩ ግን ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። እዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ያ ጨው የመኪናዬን ሆድ ሃያ ክረምት ሲበላው ኖሯል። እኔ ያለሁበት ሎስ አንጀለስ ደግሞ መኪና የሚዝግበት ከተማ ስላልሆነ መፈተሽ እንዳለብኝ እንኳ አላሰብኩም።

የገባኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላሉት የሐበሻ ሱቆች የጤፍ ዱቄት ጭኜ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ስወጣ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትኩት፤ መኪናው የአንድ ሬስቶራንት የቆሻሻ ገንዳ ገጭቶ ቆመ። ከገንዳው ወዲያ የእግረኛ መንገድ ነው፤ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ታልፍ ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። እኔ ግን የጫማዋን ቀለም ሳይቀር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

መኪናውን አስጎትቼ ፒኮ ጎዳና ላይ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኩት። ሜካኒኩ ከፍ አድርጎ ሰቀለውና በባትሪ እያበራ አሳየኝ። የፍሬን ቱቦዎቹ በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የነዳጅ ቱቦም ቤንዚን አልቦታል። «ለስክራፕ ብረት ገዢ ስጪው፣ በዚህ ጊዜሽን አታጥፊ» አለኝ።

ለእሱ ቀላል ነበር። እኔ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ ሽንት ቤት የቆየሁበትን ደቂቃ በምትቆጥር አለቃ ሥር። ፒክአፑ የደረሰ ሳምንት ዩኒፎርሜን አጣጥፌ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ አመላልሳለሁ፤ አለቃዬ እኔው ነኝ። ሴትዮዋ ግን አልተወችኝም፣ በየጊዜው «ቦታሽ ክፍት ነው» ብላ ቴክስት ታደርግልኛለች። መኪናው ከሞተ ወደዚያ ምድር ቤት መመለሴ ነው። «አልመለስም!» አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሯል፣ ሜካኒኩ ዞሮ አየኝ።

ገንዳውን የገጨሁበት ሬስቶራንት የመኪና ማቆሚያውን የሚጠብቁ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አሉት። ጋሼ ነው የምላቸው። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው በእጃቸው «ና፣ ና፣ በቃ» ሲሉ ነው። በወጣትነታቸው የአሰብ መንገድ ከባድ መኪናዎች ሜካኒክ እንደነበሩ ግን አንድ ጊዜ ነግረውኛል። ሄጄ ስለ ሆቴሉም፣ ጋሪ ስለምትገፋዋ ሴትም ነግሬያቸው ለመንኳቸው፤ መኪናውንም ወደ እሳቸው ማቆሚያ አስጎተትኩት። ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡና ድምፃቸው ጠፋ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።»

ሲወጡ ፂማቸው በዝገት ቀልቷል። «ቁርጥራጭ አንቀጥልም። እዚህ ስትጠግኚ እዚያ ይፈነዳል። ሁሉንም አውጥተን አዲስ እንዘረጋለን። ትችያለሽ?»

«እርስዎ ካሳዩኝ ምን ያቅተኛል?»

«እኔማ አሳይሻለሁ» አሉ። ፊታቸው ሲበራ አየሁት።

ሬስቶራንቱ ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለሆነ የምንሠራው ሰኞ ብቻ ሆነ። ከሰኞም ደግሞ «ዛሬ በእኛ ሃያ አንድ ነው፣ የእመቤታችን ቀን ነው» ብለው መፍቻ አልነካም ያሉኝ ቀን ነበር። በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። የአምስት ሰኞ ሥራ ወር ተኩል ፈጀብን። በመሃል የሰው ቫን እየለመንኩ ዕቃ አደርሳለሁ፤ የሆቴሏ ሴትዮም ቴክስቷን አላቋረጠችም።

ጋሼ ባትሪው ሳይነቀል፣ ነዳጁ ተቀድቶ ታንኩ ሳይወርድ ምንም አላስነኩኝም። አሮጌውን ቱቦ በተቻለ መጠን ሳይሰበር አውጥተን አስፋልቱ ላይ እንዘረጋዋለን፤ አዲሱን አጠገቡ አስተኝተን እየተከተልን እናጥፈዋለን። ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ አልላቀቅ ካለ ዘይት ጠጥቶ ሳምንት ይከርማል። የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ፣ ጸጉሬ ዝገት ዝገት ሸተተ። መጋጠሚያው እንዳያፈስ የቱቦው አፍ በመሣሪያ ይሰፋል፤ ከዚያ በፊት ግን ዳዶው መግባት አለበት፣ አፉ ከሰፋ በኋላ አይገባማ። እኔ ይህን ረስቼ ሦስት ቱቦ አበላሸሁ። ጋሼ በሦስተኛው «ጎሽ፣ ከቁርጥራጩ የአንገት ሐብል ልትሠሪልኝ ነው?» አሉኝ።

የእሳቸው እጅ የውኃ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ቱቦ ሲይዝ ግን ጸጥ ይላል። ዓይናቸው ነው የደከመው። ቱቦውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ነው የሚያዩት። ባትሪ ሳበራላቸው ይቆጣሉ፤ «አንሺልኝ፣ በጣቴ አየዋለሁ» ይላሉ።

አንድ ሰኞ ምሳ እየበላን ስለ ድሮው ጋራዥ አጫወቱኝ። እዚያ ፍሬን የሠራ ሰው መኪናው ሲፈተሽ ከፊቱ አሥር እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ሹፌሩ ወደ እሱ ይነዳል።

«ተገጭቶ የሞተ የለም?» አልኳቸው።

«ከፊቱ እንደሚቆም እያወቀ ማን አጉል ይሠራል?»

በአምስተኛው ሰኞ ጨረስን። እሳቸው ከሥር፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ሆነን ከፍሬን ቱቦዎቹ ውስጥ አየሩን አስወጣን። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ደንደን ብሎ ቆመ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መሣሪያ ልሰበስብ ጎንበስ ስል፣ ከግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ አየሁ። በጣቴ ጠረግኩት። ቆየና ተመልሶ መጣ። ያን መጋጠሚያ የሠሩት ጋሼ ናቸው።

ልናገር ቀና አልኩ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው፣ ቱታቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ለብሰዋል። ጸጉራቸውን እንኳ አበጥረዋል። ከመኪናው አፍንጫ ጀምረው አሥር እርምጃ ቆጠሩና፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ።

«በይ ነይ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያፈሳል» ማለት ምን ይከብዳል? አቃተኝ። ስንት ዓመት እጅ እያወዛወዙ መኪና ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው በዚያች ደቂቃ ሜካኒክ ሆነው ቆመዋል፤ እንዴት አድርጌ ላፍርሳቸው? «ጋሼ፣ ዛሬ ቸኩያለሁ፤ ነገ እንሞክረዋለን» አልኩ። ትከሻቸው ወረደ። «እንዳልሽ» አሉኝ። እኔ ጅሏ ደግሞ ክብራቸውን ጠበቅኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ሬስቶራንቱ ሳይከፈት፣ እሳቸውም ሳይመጡ ቀድሜ ሄድኩና ከሥር ገብቼ መጋጠሚያውን አጠበቅኩት። ያው ያፈሳል። ጨምሬ አጠበቅኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የፍሬን ዘይቱ በእጅጌዬ ወርዶ ብብቴ ገባ። ከሥር ስወጣ ጋሼ ኩሬውን እያዩ ቆመዋል። ካርቶናቸው ላይ ተኙና መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ተነስተው ያዩት እኔን አልነበረም፤ የገዛ እጃቸውን እያገላበጡ አዩት።

«ሰንጥቄዋለሁ። እጄ አልቆለታል ለካ» አሉ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ወደዚያ ሆቴል እንዳትመለሺ ብዬ ነበር።»

መፍቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስታቀፉኝ። «ለሚችል ሰው ስጫቸው» ብለው ሄደው የጥበቃ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

መፍቻዎቹን ይዤ ልሄድ ከጀለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ከዚያ ያጎነበሰ አንገታቸውን አየሁና ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አለመጠን አጥብቄው ነው።»

«ለምን ነካሽው?»

«ያፈስ ነበር።»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ትናንት።»

«መኪናው ፊት ስቆም?»

«ከዚያ በፊት።»

ጋሼ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እኔ ባላይ ዓይኔ ደክሞ ነው! አንቺ እያየሽ! እንደዚያው ይዘሽው ወጥተሽ ቢሆንስ? ጋሪ ስትገፋ የነበረችው ሴትዮስ? ለእኔ ክብር ብለሽ እሷን ልትገጪ?»

«አፍሬ ነው» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ማፈርስ እሷን ነበር!»

ትንሽ ተነፈሱና መፍቻዎቹን ከእጄ ቀምተው ጨርቁን ፈቱት። «ግቢ ከሥር» አሉኝ።

ገባሁ። የተሰነጠቀውን አፍ ቆርጬ ጣልኩ፣ ዳዶውን አስቀድሜ አስገባሁ፣ አዲስ አፍ አሰፋሁ። ጋሼ በሌባ ጣታቸው ዞር ዞር እያደረጉ ዳሰሱት። «ጠርዝ አለው፣ ድገሚ።» ደገምኩ። «ድገሚ።» ቱቦው እያጠረ ስለሄደ ጭንቅ ያዘኝ። በሦስተኛው ሙከራ ጣታቸው አንድ ዙር ሄዶ ቆመ። «አሁን ሆነ» አሉ። ስገጥመውም «በቃ፣ እዚህ ጋ ተይው» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ልጨምር ነበር። አየሩን ስናስወጣ ፔዳሉ ላይ የተቀመጡት እሳቸው፣ ከሥር የተጋደምኩት እኔ ነኝ። «ይርገጡ! ይያዙ!» እያልኩ ጮህኩ። መጋጠሚያው ላይ ነጭ ሶፍት ጠቅልዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ሶፍቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ጋሼ ከመሪው አልወረዱም። «ሂጂ ቁሚ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አፉን የሠራው ማነው?»

አሥር እርምጃ ቆጠርኩ። የራሴን ሥራ ብቻ አልነበረም የፈራሁት፤ መሪው ላይ ያሉት ዓይኖች ቱቦ አፍንጫ ላይ ካልተጠጋ የማያዩ ናቸው። «ልንዳው» ልል ፈለግኩ። ግን በእኔ ቦታ ማንን ላቆም ነው? ነገ ይህን መኪና ሰው መሃል ልነዳው አይደል? እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

ሞተሩ ተነሳ። ከጠበቅኩት ይልቅ ፈጥኖ መጣ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። የመኪናው አፍንጫ ዘቅ አለና ቆመ፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። የሞተሩ ሙቀት ሆዴን መታኝ።

ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ፈራሽ?»

«ኧረ በፍጹም» የምትለዋ የለመድኳት መልስ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«አዎ ጋሼ። በጣም ፈርቻለሁ።»

ሞተሩን አጠፉ። እጃቸው ገና መሪውን ጨብጧል።

«እኔም» አሉኝ።