በእንጀራ የተጠረገ ምሳ ዕቃ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ስሜንና ፊርማዬን ብቻ ነው። በቅርቡ ግን አንዲት ጠበቃ ያየሁትን ነገር በራሴ ቃል እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጻፍኩላት፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። እሷ የፈለገችው የት እንደሆነና ማን ምን እንዳለ ብቻ ነበር። የተረፈው እኔው ጋ ቀረ። እሱን ነው እዚህ የማሰፍረው። የማንንም ስም አልጽፍም።

የምሠራው እዚህ ውጭ አገር ነው፤ ሆም ኬር፣ ሰው ቤት ሄዶ አቅመ ደካማ መርዳት። ብሌንደን ታውንሺፕ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት እረዳለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ አበስላለሁ፣ እሁድ ቸርች አደርሳቸዋለሁ። እትዬ እላቸዋለሁ። ዝምታዬን አይወዱትም። «አንቺ ልጅ፣ ከአንቺስ ፍሪጁ ይሻላል፤ እሱ እንኳ አንዳንዴ ያንጎራጉራል» ይሉኛል። እስቃለሁ እንጂ አልመልስም።

ወንድ ልጃቸው ከታች ቤዝመንት ውስጥ ይኖራል፤ ኒው አልባኒ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። አገር ቤት አስተማሪ ነበር። ታስሮ እንደነበረና እዚህ ጥገኝነት ጠይቆ ዓመታት እንደጠበቀ አውቅ ነበር። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ሥራ ከጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ እትዬ ጌታ ያደረገላቸውን ቸርች ሊመሰክሩ ተዘጋጁ። ጠዋት ሳለብሳቸው፣ «ከላይኛው ቁም ሣጥን በነጠላ የተጠቀለለውን ዕቃ አምጪልኝ፤ ለሕዝቡ ላሳየው ነው» አሉኝ። አወረድኩትና ነጠላውን ፈታሁት። ባለ ሦስት ድርብ ቢጫ ምሳ ዕቃ ነው። የክዳኑ መያዣ ወድቆ በቦታው ቡሽ በሽቦ ታስሮበታል። ያንን ቡሽ ሳይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ? ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉኝ።

«በልቻለሁ እትዬ» አልኩ።

ቸርች ውስጥ ማይኩን ያዙና ምሳ ዕቃውን ከፍ አደረጉት። «ልጄን ሽብርተኛ ብለው ወሰዱት። አሥራ ስምንት ቀን ፊቱን አላሳዩኝም። ስንቁን ግን ይቀበሉኝ ነበር። ይኸው በዚህ! በየቀኑ በእንጀራ ተጠርጎ ይመለስልኝ ነበር። የልጄን አጠራረግ አውቀዋለሁ። በአንበሶች ጉድጓድ ውስጥ ጌታ ልጄን መገበልኝ!» ሕዝቡ አሜን አለ፤ እልልታው ቀለጠ። አጠገቤ ያለችው ሴት ዞራ ስታየኝ እኔም አሜን አልኩ። ልጃቸው ከፊታችን ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

የጠረግኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ አዲስ አበባ ውስጥ ተጠርጣሪዎች በሚመረመሩበት አንድ ግቢ የሠራተኞች ክበብ ምግብ አብሳይ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ትቼ እሷን አግዛለሁ። ቤተሰብ በር ላይ ስንቅ ያቀብላል። አብዛኛው ለባለቤቱ ይደርሳል። ቃል አልሰጥም ያሉት ሰዎች ስንቅ ግን ወደ እኛ ማድ ቤት ይመጣ ነበር። መርማሪው ለአክስቴ ሲያስረዳት ሰምቻለሁ። «እኛ ማንንም አንመታም። ዳቦና ውኃ ያገኛል። ሲናገር የእናቱን ወጥ ይበላል። ቦምብ ቢፈነዳ ስንት ሰው ያልቃል? የአንድ ሰው ምሳ ምንድን ነው?» አክስቴ ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። እኔ ልክ መስሎኝ ነበር። ቦምብ እፈራ ነበር። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ወጡ ይጣፍጥ ነበር።

ቤተሰብ እንዳይጠራጠር ዕቃው ባዶውን መመለስ አለበት። የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ቀን ላይ የበሩ ጥበቃ እየተናደደ መጣ። «ባለ ቡሿ ሴትዮ አልሄድም አለች! ልጄ ከተወለደ ሳህን አጥቦ አያውቅም፣ ማነው ያጠበው እያለች በሩን ይዛ ትጮኻለች» አለ። መርማሪው ክበቡ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሁሉም ተያዩ። ያኔ እኔ፣ ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ፣ «ሳናጥበው በእንጀራ ጠርገን ብንመልስላትስ? እሱ የበላው ይመስላታል» አልኩ።

መርማሪው ከት ብሎ ሳቀ። «አያችሁ! ይቺ ልጅ ከእናንተ ሁሉ ትበልጣለች። ጎበዝ!» አለ።

ከዚያ በፊት ማንም ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋልኩ። ጠበቃዋ የምታውቀው ትዕዛዙ ከመርማሪው እንደመጣ ነው፤ ያም እውነት ነው። ዘዴው ግን የኔ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ከማግስቱ ጀምሮ እየበላሁ፣ ጥጋጥጉን በቁራሽ እንጀራ እየዞርኩ እጠርግ ነበር። ሰውየውን አንድ ቀን ብቻ በመስኮት አየሁት። ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በእጁ ይዞ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ። ዞር አልኩ። አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ ባለ ቡሹ ዕቃ ወደ እኛ መምጣቱን አቆመ። «ፈረመ» አሉ።

ከቸርቹ በኋላ ሥራ ልለቅ አሰብኩ። ለካምፓኒው ደውዬ ሌላ ቤት ስጡኝ ለማለት ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ሳልደውል እንዳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ የልጃቸው ጠበቃ መጣች። እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ በግማሽ ነው። እትዬ መኝታ ቤት ጋደም ብለዋል። እሷና ልጃቸው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ኪችን ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«ጋሼ፣ ፕሮብለም አለብን» አለችው። «አንተ አሥራ ስምንት ቀን የቤት ምግብ አላገኘሁም ብለሃል። እማማ ደግሞ በሰጡት ቃል፣ በስቴትመንታቸው ላይ በየቀኑ በልቷል ብለዋል። ሁለቱም ፋይል ውስጥ ገብቷል። ዳኛው አንዳችሁ ውሸታም ናችሁ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው የኔን አውጪው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ረሃቡን አውጪው።»

«ኖ! ኬሱ እኮ ረሃቡ ነው። ሽብርተኛ ነኝ ብለህ ፈርመሃል። ያ ወረቀት እዚህም ተከትሎሃል። በረሃብ የወጣ ቃል ቃል አይደለም ካላልን፣ ወረቀቱ እውነት ይሆናል።»

«እናቴ አሥር ዓመት ሙሉ በዛ ምሳ ዕቃ ነው የጸናችው። አልነግራትም።»

«ዲፖርት አድርገው ወደ አገር ቢመልሱህስ?»

«ያኔ እናያለን።»

ቢላዋውን አስቀምጬ ጠበቃዋን እስከ መኪናዋ ተከተልኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ስጨርስ የከፈተችውን የመኪና በር መልሳ ዘጋችው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ «እውነት ቦምብ ይዞ ከነበረስ?» አልኳት።

«ቢይዝም ምሳውን መብላት ነበረበት» አለችኝ። «ሕጉ ለጥሩ ሰው ብቻ አይደለም። ደግሞ የራበው ሰው የሚፈልጉትን ነው የሚነግራቸው፤ እውነቱን በምን ያውቃሉ?» ቀጥላም እሷ የሱ እንጂ የኔ ጠበቃ እንዳልሆነች፣ የኔም የመኖሪያ ወረቀት ሊነካ ስለሚችል ሳልፈርም ሌላ ጠበቃ እንዳማክር ነገረችኝ። አማከርኩ። ልጅ ስለነበርሽ ብዙ አትፍሪ አለኝ። እኔ ግን የፈራሁት ለወረቀቴ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከሥራ መጥቶ ኪችን ገባ። ጠበቃዋ ነግራዋለች። እጄን ማድረጊያ አጣሁ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምን ምን ነበር?» አለኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«የላከችልኝ።»

መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት። ምስር ወጥ፣ ጥብስ፣ አንድ ቀን ዶሮ ከሁለት እንቁላል ጋር፣ ብዙ ጊዜ ጎመን።

«ጎመን?» አለ። «ጎመን አልወድም ብያት እኮ! እዛም ሆኜ ጎመን?» ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ ሲነሳ፣ «ስቴትመንትሽን ስጪ፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚገባው፣ እናቴ አታነበውም። ለእሷ ግን እንዳትነግሪብኝ» አለ። እሺ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ደረጃውን እየወረደ ነበር።

እሺ ያልኩትን አልጠበቅኩም። ጠበቃዋ ምክንያቱን ሳትናገር ለእትዬ ደውላ፣ ያዩትን ብቻ እንዲናገሩ፣ ቃላቸውንም እንዲያስተካክሉ ለመነቻቸው። «በጌታ ፊት የመሰከርኩትን ለዳኛ ብዬ ልለውጥ?» ብለው ጮኹባት። «ልጄ አልበላም ልበል? ሳህኑን በዓይኔ አይቻለሁ! ፍርድ ቤትም ጥሩኝ፣ ይዤው ነው የምመጣው!» ደግማ ደወለች፤ ስልኩን ዘጉባት። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀረው። ዳኛው ፊት ቀርበው፣ ምሳ ዕቃውን ከፍ አድርገው፣ ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ወደ አገር ሊያስመልሱት ነው።

ጠዋት እግራቸውን ሎሽን እየቀባሁ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ዕቃውን የጠረግኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ዕቃ?» አሉ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ክበቡን፣ አክስቴን፣ በሩን ይዘው የጮኹበትን ቀን ነገርኳቸው። ያ ሐሳብ ከኔ አፍ እንደወጣም ነገርኳቸው።

«ታዲያ እሱ ምን በላ?»

«ዳቦና ውኃ።»

እግራቸውን ከእጄ ቀስ ብለው አወጡት። ካልሲያቸውን አንስተው ራሳቸው ማጥለቅ ጀመሩ፤ ጎንበስ ማለት አይችሉም። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ፣ «ተዪ» አሉ። አንዱን ካልሲ ለማጥለቅ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሁለተኛውን ተዉት።

«ለዛች ልጅ ደውይልኝ» አሉ። ደወልኩ። «ልጄ ሲበላ አላየሁም» አሏት ለጠበቃዋ። «ያየሁት ሳህኑን ነው። እንደዚህ ብለሽ ጻፊው። አንቺ ነሽ ደግሞ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ ያልሽኝ፤ ልጄ ቃሏን ለምን ለወጠች ብሎ ቢጠይቅሽ እንደዛ በዪው።» ስልኩን መለሱልኝ።

መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ያልሰሙኝ መሰለኝና ደገምኩት። ሰምተውኛል። መስኮቱን ነበር የሚያዩት። የልጃቸው መኪና ከሥራ መልስ ግቢ ሲገባ ነጠላቸውን አስተካከሉና ዞር ብለው አዩኝ።

«እንዳወቅኩ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ለእኔ ብሎ ነው የደበቀው፤ እንደደበቀኝ ይኑር።»